ለክብር እንግዳ ማይክ ሳይሆን ኳስ ስጡ

የክረምቱ ውድድር ሲቃረብ ከኮምቦልቻ እስከ ደሴ፣ ከሐይቅ እስከ ወልድያ በየሰፈሩ ኮሚቴ ይቋቋማል። ማሊያ ይገዛል፣ ስፖንሰር ይለመናል፣ ዳኛ ይያዛል። የመክፈቻ ሥነ ሥርዓቱን ግን እስከ መጨረሻው ሳምንት የሚያስታውሰው የለም። ሲታወስም «ከንቲባው ይጠሩ፣ ንግግር ያደርጋሉ፣ ኳስ ይለጋሉ፣ አለቀ» ተብሎ ይታለፋል። ደሴ ሆጤ ሜዳ ቆሞ መክፈቻ ያየ ሰው ውጤቱን ያውቀዋል፤ ሃያ ሁለት ልጅ በካፊያ ተሰልፎ ይንቀጠቀጣል፣ ማይኩ ያፏጫል፣ አራተኛው ተናጋሪ ሦስተኛው ያለውን ይደግማል።

ባለሥልጣንን ሜዳ ውስጥ አስገብቶ በሰላም ማስወጣቱን ከሁሉ በላይ የተካኑበት አሜሪካኖች ናቸው፤ ያውም እኛ በማንጫወተው በቤዝቦል። የእነሱ የመክፈቻ ቀን ልማድ ከመቶ ዓመት በላይ ሲፈተሽ የኖረ ስለሆነ ምን እንደሚሠራና ምን እንደሚበላሽ በደንብ ይታወቃል። ለኛ ከሚጠቅመው ልጀምር፤ ባለሥልጣኑ ሜዳ ሲገባ የሚሰጠው ሥራ አንዲት ናት። ኳሷን ወርውሮ ይወጣል። ሥራዋ ትንሽ ናት፣ በዓይን ትታያለች፣ ልትበላሽም ትችላለች። ሕዝቡ ስልኩን አስቀምጦ የሚያየውም ልትበላሽ ስለምትችል ነው። ንግግር ሊበላሽ አይችልም፤ ቢረዝም እንኳ ይጨበጨብለታል፤ ስለዚህ ማንም አያዳምጠውም።

ጨዋታውን ለማያውቅ ባጭሩ፦ ወርዋሪው ትንሽ የአፈር ጉብታ ላይ ቆሞ ኳሷን ይወረውራል፣ መቺው በዱላ ሊመታት ይሞክራል፣ ከመቺው ኋላ ያጎነበሰው ቀላቢ ደግሞ ያለፈችውን በትልቅ የቆዳ ጓንት ይቀልባል። በመክፈቻ ቀን መቺው ገለል ይልና የክብር እንግዳው በወርዋሪው ቦታ አንድ ጊዜ ይወረውራል።

የፕሬዚዳንቶቹ ልማድ የሚቆጠረው ከኤፕሪል 14 ቀን 1910 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው (ከዚህ በኋላ «ዓ.ም.» ያልተባለበት ዓመት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ነው)። ዋሽንግተን ከፊላዴልፊያ አትሌቲክስ ጋር የውድድር ዘመኑን ሲከፍት ዳኛው ቢሊ ኢቫንስ ኳሷን ለፕሬዚዳንት ዊልያም ሃዋርድ ታፍት አቀበላቸው፤ ፕሬዚዳንቱም ከተመልካች መቀመጫቸው ሳይወርዱ ለዋልተር ጆንሰን ወረወሩለት። ጆንሰን የዋሽንግተን ኮከብ ወርዋሪ ነበር፤ ያን ቀን ቡድኑ 3 ለ 0 ሲረታ ለተጋጣሚው የፈቀደው አንድ ምት ብቻ ነው። ኋላ ኳሷን ወደ ቤተ መንግሥት ልኮ አስፈረማት። የቅብብሉን ቅደም ተከተል ልብ በሉ፤ ዳኛ ለባለሥልጣን፣ ባለሥልጣን ለተጫዋች። ሦስቱም ድርሻ አላቸው፣ ማንም የማንንም ቦታ አይወስድም።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ፕሬዚዳንቶቹ ሜዳ አይገቡም ነበር። ከክብር መቀመጫቸው ቆመው የሁለቱ ቡድን ተጫዋቾች ወደተሰበሰቡበት ይወረውራሉ፤ ተጫዋቾቹ ይሻሙና የቀለባት ይዟት ይሄዳል። ፍራንክሊን ሩዝቬልት በመክፈቻ ቀን ስምንት ጊዜ ወርውረዋል፤ በ1940 የወረወሯት ኳስ ከተጫዋቾቹ ይልቅ ወደ አንድ ጋዜጣ ፎቶግራፍ አንሺ ሄዳ ካሜራውን ሰበረች። ሃሪ ትሩማን በ1950 አንዷን በቀኝ አንዷን በግራ እጃቸው ወረወሩ፤ እንዲህ ዓይነቱ ትርኢት የሚያምረው እጁ ለተፈታ ሰው ነው።

የዋሽንግተኑ ቡድን ከ1971 በኋላ ከተማዋን ለቆ ስለሄደ ዋና ከተማዋ እስከ 2005 ያለ ቡድን ቆየች። ፕሬዚዳንቶቹም ወደ ጎረቤት ባልቲሞር መሄድ ጀመሩ። በ1989 ጆርጅ ኸርበርት ዎከር ቡሽ የግብፁን ፕሬዚዳንት ሆስኒ ሙባረክን ይዘው የሄዱት እዚያው ባልቲሞር ነው። ቡሽ ደግሞ እንግዳ ብቻ አልነበሩም፤ በዬል ዩኒቨርሲቲ የቤዝቦል ቡድን አምበል የነበሩ ሰው ናቸው። ቢል ክሊንተን በ1993 እዚያው ከተማ በአዲሱ ስታዲየም ከጉብታው ላይ ሆነው እስከ ቀላቢው አደረሱ። ዛሬ ሰው የሚጠብቀው ይህንን ነው። ከመቀመጫ መወርወር ቀርቶ ባለሥልጣኑ ብቻውን መሐል ሜዳ ይቆማል፤ ፈተናውም የከበደው ያን ጊዜ ነው።

ለምን ከበደ? ቁጥሩን እንመልከት። ከጉብታው እስከ መቺው ሰሌዳ፣ ማለትም መቺው አጠገቡ እስከሚቆምበት መሬት ላይ የተነጠፈ ምልክት፣ 18.44 ሜትር ነው። ጉብታው 25 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል፤ ወደ ፊት ደግሞ ያዘቀዝቃል። ኳሷ ከ142 እስከ 149 ግራም ትመዝናለች፤ ጠንካራ ናት፣ መዳፍ ትሞላለች። የሰሌዳው ስፋት 43 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። በዚህ ርቀት የክንድ አቅጣጫ በአንድ ዲግሪ ሲዛነፍ ኳሷ 32 ሳንቲ ሜትር ገደማ ትስታለች፤ የሰሌዳው መሐል ላይ ለተነጣጠረች ኳስ ይህች አንድ ዲግሪ ብቻ ከሰሌዳው ውጭ ማለት ናት።

ፍጥነትም አለ። ባለሙያው በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር ሲወረውራት ከግማሽ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ስለምትደርስ ብዙም አትወድቅም። ቢሮ ውሎ የመጣ ሰው በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ቢወረውር ጥሩ ነው። በዚህ ፍጥነት ከሁለት ሜትር ከፍታ አግድም የተለቀቀች ኳስ 11 ሜትር ገደማ ሄዳ መሬት ትነካለች። ስለዚህ እንግዳው ቀላቢውን አነጣጥሮ ቀጥ አድርጎ ከወረወረ ከፊቱ ትነጥራለች። ማነጣጠር ያለበት ከቀላቢው ራስ በላይ፣ ኋላ ያለውን አጥር ነው። ብዙው ባለሥልጣን የሚዋረደው ጉልበት አንሶት ሳይሆን ይህን ሳይነግሩት ቀርተው ነው።

አያያዙም ስህተት ይወልዳል። ኳሷ በጣቶች እንጂ በመዳፍ ውስጥ አትያዝም፤ ሌባ ጣትና መሐል ጣት ስፌቱ ላይ ይተኛሉ፣ አውራ ጣት ከሥር ይደግፋል። የፈራ ሰው አጥብቆ ይጨብጣል፤ አጥብቆ የጨበጠ ዘግይቶ ይለቃል፤ ዘግይቶ የለቀቃት ኳስ መሬት ትመታለች። ቀድሞ የለቀቀ ደግሞ ወደ ሰማይ ይልካታል። ቀኝ እጁን የሚጠቀም ሰው ግራ እግሩን ወደ ቀላቢው ማስቀደም አለበት፣ የጫማው ጫፍም ወደዚያው ማየት አለበት፤ ጫፉ ወደ ጎን ካየ ዳሌው ቀድሞ ይዞርና ኳሷ ወደ ጎን ትሸሻለች። ቁልቁለቱም አለ። በሜዳ ላይ የለመደ እግር ጉብታው ላይ ሲሆን ካሰበው ዝቅ ብሎ ያርፋል፣ ሰውነት ይደፋል። ለዚህ ነው ብዙዎች ከጉብታው ወርደው ሣሩ ላይ እየቆሙ ሦስት ሜትር ያህል የሚቀንሱት። ነውር የለውም፤ ግን ተመልካቹ ያየዋል።

በ2007 የሲንሲናቲ ከንቲባ ማርክ ማሎሪ ከጉብታው ላይ ሲወረውሩ ኳሷ ከሰሌዳው ዘጠኝ ሜትር ገደማ ርቃ ሄደች። ቀላቢ ሆኖ የቆመው የከተማው የቀድሞ ኮከብ ኤሪክ ዴቪስ ነበር፤ ቆሞ ከማየት በቀር ምንም ማድረግ አልቻለም። ዳኛው እንደ ጥፋተኛ ተጫዋች በእጁ ምልክት ከሜዳ «አባረራቸው»፣ ስታዲየሙ በሳቅ ፈረሰ። ለዳኛው ቀልድ ምስጋና ይግባውና ከንቲባው አብረው ስቀው ወጡ። በ2020 በኮሮናው ዘመን ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት የተላላፊ በሽታ ባለሙያ ዶክተር አንቶኒ ፋውቺ በባዶ ስታዲየም ወርውረው ኳሷ በጣም ወደ ጎን ሄደች። ቀድመው ልምምድ አብዝተው ክንዳቸውን እንደጎዱት ኋላ ተናግረዋል። ልምምዱ በቀን ከአሥራ አምስት ወይም ከሃያ ውርወራ ሳያልፍ፣ በዋዜማው ደግሞ እረፍት ቢሆን ይበቃል።

ከመክፈቻ ቀን ውጭ ቢሆንም የ2001ዱን የጆርጅ ደብልዩ ቡሽን ውርወራ ማለፍ አይቻልም። ከመስከረሙ የሽብር ጥቃት ጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ ኦክቶበር 30፣ ኒው ዮርክ በያንኪ ስታዲየም የዓለም ተከታታይ ተብሎ በሚጠራው የፍጻሜ ውድድር ሦስተኛ ጨዋታ ላይ ነበር። ከጃኬታቸው ሥር ጥይት መከላከያ ለብሰዋል፤ እሱ ለብቻው ክንድ ያስራል። ስለዚህ ከስታዲየሙ ሥር ባለው መለማመጃ ልብሱን እንደለበሱ ክንዳቸውን አሟሟቁ። የኒው ዮርኩ የያንኪ ቡድን ተጫዋች ዴሪክ ጂተር እዚያ አግኝቷቸው ከጉብታው ላይ እንዲወረውሩ መከራቸው፤ ብታነጥሯት ይጮኹብዎታል ብሎም አስጠነቀቃቸው። በቀጥታ አገቧት። ከጠባቂዎቻቸው አንዱ የዳኛ ልብስ ለብሶ ሜዳው ውስጥ ቆሞ ነበር። ለኛ ከውርወራው ይልቅ ይህ ይጠቅማል፤ ጥበቃ ሜዳ ውስጥ ሊኖር ይችላል፣ ሥነ ሥርዓቱን ግን አይረብሽም። እኛ ዘንድ ጥቁር መነጽር ያደረጉ አራት ሰዎች ከእንግዳው ጋር እስከ መሐል ነጥብ ይሄዱና ሕዝቡ ከጀርባቸው በቀር ምንም ሳያይ ይቀራል።

የማሊያና የኮፍያ ነገርም አለ። በ2010፣ ታፍት ከወረወሩ ልክ በመቶ ዓመቱ፣ ባራክ ኦባማ በዋሽንግተን ሲከፍቱ የባለሜዳውን የዋሽንግተን ቡድን ጃኬት ለብሰው ወጡ፤ ጉብታው ላይ ሲደርሱ ግን ጓንታቸው ውስጥ ደብቀው የያዙትን የቺካጎ ዋይት ሶክስ ኮፍያ አውጥተው አደረጉ። ግማሹ ሳቀ፣ ግማሹ ጮኸባቸው። ኦባማ የቺካጎ ደጋፊ መሆናቸውን አገር ስለሚያውቅ እንደ ጨዋታ ታለፈ። ይህን ደሴ ከተማ ከኮምቦልቻ ከተማ ሲገናኙ የሚሞክር ባለሥልጣን ካለ ግን ቢያስብበት ይሻላል። እንግዳው ወይ የሁለቱንም ስካርፍ ይልበስ ወይ የማንንም አይልበስ።

ሥነ ሥርዓት ውስጥ ምን እንደሚገባና ምን እንደሚቀር የሚወስነው ሰው ብዙ ሥልጣን አለው። ኤፕሪል 4 ቀን 1974 በሲንሲናቲ የመክፈቻውን ኳስ የወረወሩት ያን ጊዜ ምክትል ፕሬዚዳንት የነበሩት ጄራልድ ፎርድ ናቸው። መቺው ሃንክ አሮን ያኔ የቀድሞውን ኮከብ የቤብ ሩትን የ714 ረጅም ምት (ኳሷን ከአጥር ውጭ የመላክ) ክብረ ወሰን ለመስተካከል አንድ ቀርቶት ነበር፤ በዚያው ጨዋታ በመጀመሪያ የዱላ ምቱ ላከው፣ ጨዋታው ቆሞም ፎርድና የሊጉ ኮሚሽነር ቦዊ ኩን ሜዳ ወርደው እንኳን ደስ አለህ አሉት። ቀኑ ግን ማርቲን ሉተር ኪንግ የተገደለበት ስድስተኛ ዓመትም ነበርና አሮን አስቀድሞ የአንድ ደቂቃ የኅሊና ጸሎት ጠይቆ አዘጋጆቹ አልፈቀዱለትም። ለባለሥልጣን ደስታ ጨዋታ ማስቆም ተቻለ፣ ለአንድ ደቂቃ ዝምታ ግን ቦታ ጠፋ።

የቀለም አጥሩን ሰብሮ ትልቁ ሊግ የገባው ጥቁር ተጫዋች ጃኪ ሮቢንሰን በ1972፣ ከመሞቱ ጥቂት ቀናት በፊት፣ ሲንሲናቲ ላይ ሲከበር ምስጋናውን ባጭሩ አቅርቦ ጥቁር አሠልጣኝ ማየት እንደሚፈልግ ተናገረ። ሦስት ዓመት አልሞላም፤ ኤፕሪል 8 ቀን 1975 ክሊቭላንድ ላይ ፍራንክ ሮቢንሰን የመጀመሪያው ጥቁር አሠልጣኝ ሆኖ የመክፈቻ ጨዋታውን ሲመራ፣ ኳሷን የወረወረችው የጃኪ ባለቤት ሬቸል ሮቢንሰን ነበረች። ፍራንክም ተጫዋች አሠልጣኝ ስለነበር በመጀመሪያ ምቱ ኳሷን ከአጥር ውጭ ላካት። የክብር እንግዳ መምረጥ ማለት እንዲህ ነው። ሹመት ያላት ሴት አልነበረችም፤ ለምን እዚያ እንደቆመች ግን ለማንም ማብራራት አላስፈለገም።

ጃፓኖች ደግሞ የራሳቸውን ነገር ጨምረውበታል። በ1908 የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ኦኩማ ሺገኖቡ ራሳቸው በመሠረቱት በዋሴዳ ዩኒቨርሲቲ ሜዳ ለአሜሪካ እንግዳ ቡድን የመክፈቻ ኳስ ወረወሩ። ኳሷ ከአቅጣጫዋ ርቃ ሄደች። መቺው የዋሴዳ ተማሪ ሽማግሌው እንዳያፍሩ ብሎ ዱላውን አወናጭፎ አውቆ ሳተ፤ መቺ ከሳተ ወርዋሪው ተሳካለት ማለት ነውና። እስከ ዛሬ ጃፓን ውስጥ የክብር እንግዳ ሲወረውር መቺው አውቆ ይስታል። የይሉኝታ አገር ሰው የይሉኝታ አገርን ልማድ ወዲያው ይረዳዋል፤ እኛም አለን። እንግዳው ፍጹም ቅጣት ምት እንዲመታ ሲደረግ በረኛው በተቃራኒው ይወድቃል። ይህን ካሰባችሁ ግን ለበረኛው አስቀድማችሁ ንገሩት። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሳይነገረው ከቀረ የዞን ኃላፊውን ኳስ በደስታ አድኖ ይነሳል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው የሕዝቡ ሳቅ ነው።

እሺ፣ ይህን ሁሉ ወደ ወሎ ሜዳ እናምጣው።

መጀመሪያ ሰዓቱ። የክረምት ውድድር መክፈቻ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ ይጀመር ከተባለ፣ ፉጨቱ 9 ሰዓት መሆን አለበት፤ ሥነ ሥርዓቱ 9 ሰዓት ይጀመራል ማለት አይደለም። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ደሴ ላይ ደመናው ከጦሳ ተራራ ሲወርድ ብርሃኑ ቶሎ ይሄዳል። የዐስር ሶላት እንደ ወቅቱ ከ9 ሰዓት ተኩል እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ይገባል። 9 ሰዓት የተጀመረ ጨዋታ ከ9፡45 እስከ 10 ሰዓት እረፍት ይሆናል፤ ሰጋጁ ሰግዶ ይመለሳል። ንግግሩ ግማሽ ሰዓት ከበላው አዛኑ የሚሰማው በጨዋታው እንብርት ነው፤ ግማሹ ተመልካች ተነስቶ ይሄዳል። አዛን ሲደረግ ደግሞ የሜዳው ድምፅ ማጉያ ይዘጋ። ለዚህ አንድ ሰው መድቡ፤ የመድረክ መሪው በወሬ ሙቀት ይረሳዋል።

ንግግር የግድ ከሆነ የሚደረገው ተጫዋቾቹ ሲያሟሙቁ ነው። ከ8፡20 እስከ 8፡45 ልጆቹ ሜዳው ላይ ይሯሯጣሉ፣ ትሪቡኑ ላይ ያለው ሰው ያወራል፣ ማንም ማንንም አይጎዳም። ሦስት ተናጋሪ ከበቂ በላይ ነው፤ ለእያንዳንዱ ሦስት ደቂቃ። የሰውነት ሙቀት ግን አይጠብቅም። ያሟሟቀ ተጫዋች በደሴ ብርድ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ቆሞ ከጠበቀ ያሟሟቀው ከንቱ ነው፤ በአምስተኛው ደቂቃ ታፋውን ይዞ የሚወድቀውም እሱ ነው። ስለዚህ ከሰልፍ እስከ ፉጨት ከሰባት ደቂቃ አይለፍ።

ምርቃቱ ግን ሌላ ነው። ወሎ ውስጥ ውድድር ያለ ምርቃት አይከፈትም፤ ሸኹም ቄሱም ጎን ለጎን ቆመው ይመርቃሉ፣ ሕዝቡ አሚን ይላል። ይህንን አታሳጥሩ፤ የሚያጥረው የቢሮ ኃላፊው ነው። ሽማግሌ እየመረቀ ማይክ መንጠቅ ትልቅ ነውር ነው፣ እጅ እያወዛወዙ «ይበቃል» ማለትም እንዲሁ። ነገሩ የሚያልቀው ቀድሞ ነው፤ ጠዋት ቤታቸው ተሂዶ «አባባ፣ ልጆቹ ሰውነታቸው ሳይበርድ ይመርቁልን» ከተባለ «አብሽር ልጄ» ይላሉ፣ ከማንም ባለሥልጣን በተሻለ ሰዓት ያከብራሉ። ገመድ የሌለው ማይክ ይሰጣቸው፤ ሽቦ እየጎተቱ እርጥብ ሣር ላይ የሚሄዱ ሽማግሌ ማየት አያምርም፣ አደጋም አለው። ወንበራቸው ጥላ ሥር ይሁን።

ከዚያ ሰላምታው። ሃያ ሁለት ቋሚ፣ አሥራ አራት ተጠባባቂ፣ አራት ዳኛ፤ አርባ ሰው ነው። ለእያንዳንዱ ሦስት ሴኮንድ ቢወስድ ሁለት ደቂቃ ይሆናል። እንግዶቹ አምስት ከሆኑና አንዱ የሚያውቀውን ልጅ ትከሻ እየመታ ቢያወራ አምስት ደቂቃ አለቀ። ተጠባባቂዎቹ በሰልፉ ውስጥ አይግቡ፣ ከእንግዶቹም የሚወርዱት ሁለት ብቻ ይሁኑ። ርቀቱንም ቁጠሩ፤ ከጎን መስመሩ እስከ መሐል ነጥብ 34 ሜትር ነው፣ የሩጫ መም ካለ አሥር ሜትር ገደማ ይጨመርበታል። እንደ ወልድያው 25 ሺህ ገደማ ሰው በሚይዘው ስታዲየም ከሆነ የትሪቡኑ ደረጃም አለ። በዕድሜ የገፋ እንግዳ ይህን ለመሄድ አንድ ደቂቃ፣ ለመመለስ አንድ ደቂቃ ይፈልጋል።

አሁን ወደ ኳሷ። ለክብር እንግዳው የሚሰጠው ኳስ የጨዋታው ኳስ አይሁን። ዳኛው የመረመረው ኳስ በአራተኛ ዳኛው እጅ ይቆይ። የእንግዳው ኳስ ለስለስ ትበል፤ ሕጉ ከ0.6 እስከ 1.1 ባር ስለሚፈቅድ 0.6 ላይ ብትሆን ቁርጭምጭሚት አታምም፣ ርቃም አትነጥርም። የምትነፋው ሜዳው ላይ ነው፤ ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ ተነፍታ ብርድ ላይ የወጣች ኳስ ለእያንዳንዱ አሥር ዲግሪ ልዩነት 0.05 ባር ያህል ስለምታጣ ያልተነፋች ትመስላለች።

ባለሥልጣን ሲለጋ ወድቆ የሚታየው ሁልጊዜ በአንድ ምክንያት ነው፤ ሶሉ ልሙጥ የሆነ የቆዳ ጫማ እርጥብ ሣር ላይ። ሲለጋ ክብደቱን ሁሉ የሚሸከመው የቆመው እግር ነው፤ እሱ ሲያንሸራትት የሚለጋው እግር አየር ላይ ይቀርና ሰውየው በጀርባው ይወርዳል። ካሜራ ያለው ሁሉ ያን ጊዜ ያነሳል። በዋዜማው ለጸሐፊው ወይም ለጸሐፊዋ ተደውሎ ጎማ ሶል ያለው ጫማ እንዲያደርጉ ይነገር፤ ለሴት ባለሥልጣን ደግሞ ተረከዝ ያለው ጫማ ሣሩ ውስጥ እንደሚሰምጥ ይነገራት። መሐል ነጥቡ ከጨቀየ አንድ ባልዲ አሸዋ ወይም ሰጋቱራ በትኑበት። ኖራ ግን እንዳትበትኑ፤ ያልበረደ ኖራ ከውኃ ጋር ሲገናኝ ይፈላል፣ ዓይን ውስጥ ቢገባ ያቃጥላል። ለመስመሩም ቢሆን ጀሶ ይሻላል።

አለጋጉን በሹክሹክታ የሚነግር አምበል ይኑር፦ የቆመው እግር ከኳሷ ጎን አንድ ስንዝር ርቆ ይቀመጥ፣ በእግር ውስጠኛ ጎን ይመታ፣ ስድስት ሰባት ሜትር ርቆ ለቆመ ተጫዋች ቀስ ብሎ ይላክ። በጫማ ጫፍ መምታት አይጠቅምም፤ ኳሷ ከፎቶ አንሺዎቹ መሐል ትገባለች፣ የሩዝቬልት ነገር ይሆናል። ፎቶ አንሺ ሁለት ብቻ ይግባ፣ አሥር ሜትር ይራቅ፣ ከሚለጋበት አቅጣጫ ኋላ ይቁም። ስልክ ይዘው ከትሪቡን የሚወርዱትን የሚመልስ ቆፍጠን ያለ ሰው የጎን መስመሩ ላይ አቁሙ፤ ትህትና የበዛበት ሰው ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ስፖንሰሩም መለጋት ይፈልጋል፤ ሁልጊዜ ይፈልጋል። አንድ ኳስ ላይ ሦስት እግር አይወጣምና የታፍትን ቅብብል አስቡ። ስፖንሰሩ ኳሷን ለመሐል ዳኛው ያስረክብ፣ ዳኛው ለከንቲባው ያቀብል፣ ከንቲባው ለልጆቹ ይለጉ። ሁሉም ፎቶ ላይ አሉ፣ ማንም አልተቀየመም።

ከተለጋ በኋላ ተጫዋቾቹ ኳሷን ይዘው እንዳይሮጡ ቀድሞ ይነገራቸው። የእንግዳው ምት የጨዋታው መጀመሪያ አይደለም። እጣው ቀድሞ ይወጣል፤ እንግዳው ለግቶ የጎን መስመሩን ሲያልፍ የጨዋታው ኳስ መሐል ነጥብ ላይ ይቀመጣል፣ ዳኛው ያፏጫል። እንግዳው ሜዳ ውስጥ እያለ የሚነፋ ፉጨት ብዙ ጊዜ ትርምስ ፈጥሯል፤ አንዱ ቡድን ተጀመረ ብሎ ይሮጣል፣ ሌላው ቆሞ እጅ ያነሳል። የተለጋችው ኳስ ላይ እንግዳው ይፈርሙና ለአንድ የታዳጊ ፕሮጀክት ትሰጥ።

ዋንጫ ማስረከቡን ከመክፈቻው ጋር የሚያደባልቁም አሉ። ዋንጫው መክፈቻ ላይ ለዕይታ ይቅረብ፣ እጅ ግን አይንካው። ዋንጫ የመጨረሻው ቀን ነገር ነው፤ በ1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን ስትወስድ ጃንሆይ ለአምበሉ ለሉቺያኖ ቫሳሎ ያስረከቡት ከፍጻሜው በኋላ ነው፣ ፎቶው እስከ ዛሬ የሚነገረውም ለዚህ ነው።

የመጨረሻው፣ እንግዳው ሲዘገዩ። ስብሰባ ላይ ናቸው፣ መንገድ ላይ ናቸው፣ ሐረጎ ዳገት ላይ መንገድ ተዘግቶባቸዋል፤ ምክንያት አይጠፋም። ሰዓቱ 8፡50 ሲሆን ካልደረሱ አይጠበቁም፤ ሲደርሱ በእረፍት ሰዓት ለሕዝቡ ይተዋወቃሉ፣ በዚያው ይበቃል። ለዚህ ተጠባባቂ ለጊ አስቀድሞ ተመርጦ ጫማውን አድርጎ ይቀመጥ፤ የከተማው የቀድሞ ተጫዋች ቢሆን ይመረጣል። ልምምድ አያስፈልገውም፣ ንግግር አይጠይቅም፣ ትሪቡኑ ላይ ያሉት እኩዮቹም ስሙን እየጠሩ ይጮኹለታል።